ፈረሱ ረከሰ፤ ልጓሙስ?

እስቲ ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን እናቁም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ቡጋቲ ቬይሮን ነው። በ2005 ለገበያ ሲቀርብ 1,001 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ለመንገድ መኪና ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። ጉልበቱን ለማውጣት 16 ሲሊንደር ያለው ባለ 8 ሊትር ሞተርና 4 ቱርቦ አስፈልጎታል። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ 10 ራዲያተር። አዎ፣ አስር! የሰፈራችሁ ሚኒባስ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ አንድ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌይድ ነው። በ2021 ሲወጣ 1,020 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። አራት በር አለው፣ አምስት ሰው ይጭናል፣ የአስቤዛ ዕቃ ይይዛል። ዋጋው 129,990 ዶላር ነበር። ርካሽ አይደለም፤ ከቬይሮን ጋር ሲተያይ ግን አንድ አሥረኛው ያህል ነው። በ16 ዓመት ውስጥ ሺህ ፈረስ ከንጉሥ ጋጣ ወጥቶ የሐኪምና የነጋዴ ግቢ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ የመኪና አፍቃሪው ሁሉ «ፈጣን መኪና ሊሞት ነው» እያለ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየቀነሱ፣ ሞተር እያሳነሱ፣ ስመ ጥር መኪኖችን ማምረት እያቆሙ ስለሆነ ነው። ለቅሶው ምክንያት አለው። እኔ የማልስማማው በሚለቀስለት ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ለሲሊንደር ቁጥርና ለሞተር ድምፅ ነው። በእኔ ሚዛን ሊያስጨንቀን የሚገባው ሌላ ነው። ጉልበት ረክሷል፤ ጉልበትን የሚገራው ነገር ግን አልረከሰም። ወጪ ይቀነስ ሲባል መቀሱ በቀላሉ የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍማ!

ጉልበት ለምን ረከሰ?

ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ነው። ከቤንዚን ሞተር ተጨማሪ ጉልበት ለማግኘት በየሰከንዱ ብዙ አየርና ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ፒስተኑም፣ ቫልቩም፣ ካምቢዮውም አብሮ መጠንከር አለበት። ኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ግን የሚሽከረከረው ዋና አካል አንድ ነው። ትልቁ ወጪ ባትሪው ነው፤ እሱም በፍጥነት ወርዷል። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት በ2010 ለአንድ ኪሎዋት-ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው የባትሪ ዋጋ በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ደርሷል። ደግሞም ረጅም መንገድ እንዲያስኬድ ተብሎ የተገጠመ ትልቅ ባትሪ በአንዴ ብዙ ጉልበት የመስጠት አቅም ይኖረዋል። ስለዚህ ፈጣን መሆን፣ ገበያ ላይ እህል ስትገዙ እንደሚጨመርላችሁ ምርቃት፣ አብሮ የሚመጣ ነገር ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት መጋራት ነው። የመኪና ሰዎች «ፕላትፎርም» የሚሉት ነገር አለ። የመኪናው ወለል፣ የጎማዎቹ አያያዝ፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ የሽቦው ዝርጋታ በአንድ ላይ ማለት ነው። ከአንድ ሊጥ ዳቦም አምባሻም እንደሚጋገር፣ ከአንድ ፕላትፎርም የቤተሰብ መኪናም የውድድር መኪናም ይወጣል።

ለምን እንደሚያዋጣ በምናባዊ ስሌት እንየው። አዲስ ፕላትፎርም ነድፎ፣ ፈትኖ፣ የግጭት ምርመራ አሳልፎ ለማውጣት 500 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው)። መኪናው 50,000 ብቻ ከተሸጠ እያንዳንዱ መኪና የ10,000 ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ከፋብሪካ ይወጣል። ወጪው ለ1 ሚሊዮን መኪና ከተካፈለ ግን ዕዳው 500 ዶላር ብቻ ነው። ፈጣን መኪና በባሕርይው ጥቂት ነው የሚሸጠው። እና ከወንድሞቹ ጋር ካልተጋራ በቀር ገንዘብ ያዥው ፊት መቆም አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። መጋራት ነውር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ሊጋሩት የማይቻል ነገር ላይ ስንደርስ ነው።

ፊዚክስ ቅናሽ አያውቅም

ማንኛውም የሚንቀሳቀስ ነገር ካይኔቲክ ኢነርጂ አለው። ስሌቱን ታውቁታላችሁ፦ ግማሽ × ክብደት × ፍጥነት × ፍጥነት። (የፊዚክስ መምህራችሁ «ክብደት ሳይሆን መጠነ ቁስ በሉ» ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው።) ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ መባዛቱን ልብ በሉ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኢነርጂው በአራት እጥፍ ይጨምራል።

አሁን 2,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 250 ኪሎሜትር እየበረረ ነው እንበል። ይህ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 69 ሜትር ነው። ኢነርጂው ወደ 5 ሜጋጁል ይጠጋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? የትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያ ሙቀት 17 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ማሞቅ ይችላል። አንድ ትልቅ ድስት ውሃ ምድጃ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቡ። መኪናው ይህን የሚያደርገው በ7 ሰከንድ ገደማ ነው።

ሌላ ስሌት ልጨምር። 5 ሜጋጁልን ለ7 ሰከንድ ስታካፍሉት ወደ 715 ኪሎዋት ታገኛላችሁ። በፈረስ ጉልበት ሲመነዘር 970 አካባቢ ነው! አየሩ የሚያግዘውን ትንሽ ትተን፣ ጎማውና ፍሬኑ በእነዚያ ሰከንዶች የሺህ ፈረስ ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው። ሞተሩ ፈረስ ከሆነ ፍሬኑ ልጓም ነው፤ ልጓሙ ከፈረሱ እኩል መጠንከር አለበት። የሚያሳዝነው ግን «ፍሬኔ 970 ፈረስ ይይዛል» ብሎ የሚፎክር ማስታወቂያ አይታችሁ አታውቁም።

አንድ ጊዜ መቆም ቀላል ነው። ከባዱ መድገም ነው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በመኪና የወረዳችሁ ይህን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታው አይረሳም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስሌቱን ብትሠሩት፣ 1,000 ሜትር መውረድ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ከሚሄድበት ፍጥነት 25 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ሙቀት ያወጣል። ደግሞ በሁለቱም በኩል ክብደት ስላለ ይጣፋል፤ ቪትዝም ሆነ አይሱዙ መልሱ ያው 25 ነው። የልምድ ሹፌሮች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት፣ ሙቀቱን ፍሬኑ ብቻውን እንዳይሸከም ከሞተሩ ጋር እያካፈሉት ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪናማ በሞተሩ ይቆማል፤ ኢነርጂውን ወደ ባትሪ ይመልሳል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ትልቅ ጥቅምም ነው። ሆኖም ባትሪው ሙሉ ከሆነ ወይም ከጋለ አልቀበልም ይላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ባትሪውም ቢሆን የራሱ ሙቀት አለበት። በሽቦና በባትሪ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኤሌክትሪኩ ፍሰት ካሬ ጋር ያድጋል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሙሉ ጉልበታቸውን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አሳይተው ወዲያው የሚቀንሱት። ሶፍትዌሩ «በቃህ» ይላቸዋል።

እንግዲህ አንድ መኪና ስንት ፈረስ እንዳለው መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ስንት ጊዜ ይደግመዋል? ጥያቄው ይህ ነው። በዚህ መለኪያ ጥቂት መኪኖችን እንመዝን።

ልጓም ለብቻው ሲሸጥ

ከፕሌይድ እንጀምር። ከቆመበት ተነስቶ ሲፈተለክ የሚያህለው ጥቂት ነው። ነገር ግን መኪናው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ለውድድር ሜዳ የሚሆነውን የካርቦን-ሴራሚክ ፍሬን ኩባንያው ለብቻው በ20,000 ዶላር ነው የሸጠው። እስቲ አስቡት፦ 1,020 ፈረስ ከመኪናው ዋጋ ጋር ተካቶ፣ ልጓሙ ግን በተጨማሪ ክፍያ! የዋጋ ዝርዝሩ ራሱ የትኛው ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ እየነገረን ነው። ለከተማ መንገድ መደበኛው ፍሬን ይበቃል ትሉኝ ይሆናል። ይበቃል። ያን ጊዜ ግን 1,020ው ፈረስ ለከተማ መንገድ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው የቻይናው ሻኦሚ ኤስዩ7 አልትራ ነው። በ2025 በ529,900 ዩዋን ሲቀርብ 1,548 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፈጣንነቱ ወሬ አይደለም፤ በጀርመን ኑርበርግሪንግ የሚገኘውን 20.8 ኪሎሜትር የውድድር መንገድ ከ7 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዞሮታል። ግን ሁለት ነገሮች ተከተሉ። ኩባንያው ለመኪናው 42,000 ዩዋን የሚያስከፍል የካርቦን ፋይበር ኮፈን ያቀርብ ነበር፤ ሁለት የአየር መግቢያዎች ያሉት፣ ለማቀዝቀዝ ይረዳል የተባለለት። ባለቤቶች ከፍተው ሲያዩ ከተራው ኮፈን ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኘነው ብለው ተቆጡ። በግንቦት 2025 ኩባንያው የሰጠው መረጃ ግልጽ አልነበረም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ደግሞ መኪናው በውድድር ሜዳ የተወሰነ ሰዓት ካላስመዘገበ ጉልበቱን ወደ 900 ፈረስ የሚገድብ የሶፍትዌር ለውጥ ልኮ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት መልሶ ሰበሰበው።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ አንብቧቸው። በአንድ በኩል የአየር ቀዳዳ ለጌጥ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ኩባንያው ራሱ «ይህ ጉልበት ለሁሉም እጅ አይሆንም» ብሎ ሲፈራ እናያለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ለሲሊንደር የተለቀሰው ለቅሶ

ሦስተኛው ለየት ያለ ነው፤ ፍርዱም ቀላል አይደለም። ሜርሴዲስ-ኤኤምጂ ሲ63 የሚባለው መኪና ለዓመታት የሚታወቀው በባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩ ነበር። በ2022 አዲሱ ሲወጣ 8ቱ ሲሊንደሮች ቀርተው ባለ 2 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጣምሮ መጣ። ያ ትንሽ ሞተር መጀመሪያ የታወቀው በኤ45 ላይ ነው፤ ማለትም ከኩባንያው ትናንሽ መኪኖች የተወሰደ ነው። አፍቃሪው አበደ። «ድምፁ የት ሄደ? አራት ሲሊንደር ምን ሊሆን?» ተባለ።

በቁጥር ካየነው አዲሱ 680 ፈረስ አለው፤ የቀድሞው ኤስ የተባለው ዓይነት 510 ነበረው። ለሙቀትም ቢሆን ገንዘብ ፈስሷል። 89 ኪሎ የሚመዝነው ባትሪ 560 ሴሎች አሉት፤ 14 ሊትር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በየሴሉ ዙሪያ ይዞራል። እንደዚያም ሆኖ ኩባንያው በግልጽ ያስቀመጠው ልክ አለ፦ ኤሌክትሪኩ 150 ኪሎዋት የሚሰጠው ለ10 ሰከንድ ነው፤ ያለማቋረጥ ግን 70 ብቻ። ይህን ማሳወቁን አደንቃለሁ። ልክን መናገር ምህንድስና ነው።

ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ 2,111 ኪሎ! ከቀድሞው በ300 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ሦስት ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭኖ የሚሮጥ መኪና አስቡ። ለላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል፤ ለመኪና ግን ይከብደዋል። እያንዳንዱ ፍሬን አያያዝ በዚያው መጠን ይበልጥ ያግላል፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጎማውን ይበልጥ ይጎትታል። ጎማ ደግሞ መሬት የሚነካው መዳፍ በሚያክል አራት ቦታ ብቻ ነው። እና ልቅሶ ካስፈለገ፣ ለአራቱ የጠፉ ሲሊንደሮች ሳይሆን ለተጨመሩት ሦስት ኩንታሎች ይለቀስ።

በዚህ መኪና ላይ ሁሉንም በወጪ ቅነሳ ማሳበብም ፍትሐዊ አይሆንም። የአውሮፓ ሕግ አንድ ኩባንያ የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ ከተወሰነ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካወጡ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ያስቀጣል። ሕጉ የሚለካው የጭስ ግራም ነው፤ ኪሎግራም አይደለም። መኪናውም የተሠራው ለሚለካው ነገር ነው። ተማሪ ለፈተናው ብቻ ሲያጠና እንደሚሆነው ማለት ነው።

ቁጠባ ሲያምር

አሁን ደግሞ ወጪ ቆጥበው ያማረላቸውን እንይ፤ መተቸት ማለት ማጣጣል ብቻ አይደለምና።

ቶዮታ በ2020 ጂአር ያሪስ የተባለ ትንሽ የራሊ መኪና አወጣ። የፊት ግማሹ ከተራው ያሪስ ፕላትፎርም፣ የኋላው ግማሽ ደግሞ ከኮሮላ ቤተሰብ የተወሰደ ነው። እንደ ልብስ ሰፊ ካለው ጨርቅ ቆርጠው ገጠሙት! ሞተሩ 3 ሲሊንደር ብቻ፣ 1.6 ሊትር፤ በአውሮፓ ሲወጣ 261 ፈረስ ነበረው። በሌሎቹ መኪኖች አጠገብ ይህ ቁጥር ያሳፍራል። ነገር ግን መኪናው 1,280 ኪሎ ብቻ ነው። ኮፈኑና በሮቹ አሉሚኒየም፣ ጣሪያው የካርቦን ፋይበር ውሁድ ነው። በሌላው ላይ የቆጠቡትን ክብደት ለመቀነስ አዋሉት። በኋላ ያንኑ ሞተር ለጂአር ኮሮላም ሰጡት፤ ወጪው እንደገና ተካፈለ። ለስላሳ እጅ ያለው ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

ከኤሌክትሪኮቹ ደግሞ የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን አለ። በ2023 የወጣ ነው። ፕላትፎርሙን ከተራው አዮኒክ 5 ጋር ይጋራል፤ ከመንገድ ዳር ብታዩት የቤተሰብ መኪና ነው። ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ ስለሆነ ከእኔ ወቀሳ አያመልጥም። ሆኖም ገንዘቡ የት እንደገባ ተመልከቱ፦ የፊት ፍሬን ዲስኮቹ 400 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፣ ባትሪው ለውድድር አስቀድሞ የሚዘጋጅበት መንገድ አለው፣ ሹፌሩም «ለአጭር ሩጫ ሙሉ ጉልበት» ወይም «ቀነስ አድርጎ ለረጅም» ብሎ መምረጥ ይችላል። መኪናው ስለ ሙቀት ለሹፌሩ እውነቱን ይነግረዋል። 650 ፈረሱን እንኳ የሚሰጠው ለ10 ሰከንድ ነው፤ ይህንንም አይደብቅም።

ከሁለቱ የምንማረው ቀላል ነው። የማይታየውን ተጋሩ፤ የሚግለውን አትንኩ።

የዘጠኙ ሰዎች መኪና

ግን መጋራት ሁሉን አያድንም። ኒሳን ጂቲ-አር አር35ን ተመልከቱ። በ2007 በጃፓን ሲወጣ 480 ፈረስ ነበረው፤ ዋጋው 7.77 ሚሊዮን የን ነበር። በጊዜው ሁለት እጥፍ ዋጋ ካላቸው መኪኖች ጋር ይፎካከር ነበር። ፕላትፎርሙ ለእሱ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሞተሩን በእጃቸው ይገጥሙ የነበሩት «ታኩሚ» የተባሉ ዘጠኝ ባለሙያዎች ናቸው። በ18 ዓመት 48,000 ያህል ተሠራ። በነሐሴ 2025 የመጨረሻው ከፋብሪካ ወጣ።

48,000 ለ18 ዓመት ሲካፈል በዓመት 2,700 አይሞላም። ከላይ የሠራነውን ምናባዊ ስሌት አስታውሱ። የአውሮፓ የድምፅ ሕግ በ2022 ከዚያ ገበያ አስወጣው፤ ኒሳን ራሱም ተቸገረ። በግንቦት 2025 ኩባንያው 20,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንስና 17 ፋብሪካዎቹን ወደ 10 እንደሚያወርድ አስታወቀ። የጂቲ-አር ስም አንድ ቀን ይመለሳል ብሏል። ስም መመለስ ይችላል። እነዚያ እጆች የሚያውቁት ነገር ግን በስም አይመለስም። የእጅ ሙያ ካልተወረሰ ይጠፋል፤ ይህን ሸማኔና አንጥረኛ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በእኔ እይታ የጂቲ-አር መቅረት የሚያሳየው የመሃሉ መሳሳትን ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ደህና ናቸው። ፌራሪ በ2024 ለደንበኞቹ ያስረከበው 13,752 መኪና ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ እጅግ ውድ ስለሆነ ያዋጣዋል፣ ለፍሬንም ለክብደትም የሚያወጣው አያጣም። ታች ደግሞ ርካሽ ጉልበት እየጎረፈ ነው። በመሃል የነበረው፣ ምህንድስናው ከዋጋው የሚበልጥ መኪና ግን እየሳሳ ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ልጓም የሀብታም ብቻ ሲሆን፣ ብርቱ ፈረስ ግን ለሁሉም ሲታደል መንገዱን የምንጋራው ሁላችንም ነን።

ይህ እኛን ምን አገባው?

ያገባዋል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የአዲስ አበባ መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ብዙዎቻችሁ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የምትይዙት መኪና፣ ተራ የሚባለው እንኳ፣ ከወላጆቻችሁ መኪና ቶሎ ይነሳል።

ከፍታችንም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ይህን አየር ሲስብ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም። ደስ ይላል፣ አይደል? ግን የሳሳ አየር ሌላም ነገር ያደርጋል፦ ከራዲያተርና ከፍሬን ዲስክ ላይ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ጉልበቱ ሙሉ፣ ማቀዝቀዣው ጎደሎ! ከእንጦጦ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ስንት ፈረስ አለው?» የሚል ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄ መልሱለት። ስንት ኪሎ ነው? ሙሉ ጉልበቱን ለስንት ሰከንድ ይሰጣል? ፍሬኑ ስንት ጊዜ ይደግማል? የመጀመሪያውን መልስ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሁለተኛውን አንዳንድ ኩባንያ ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ፈልጋችሁ ስታጡት፣ ገንዘቡ ከየት እንደተቀነሰ መጠርጠር ትችላላችሁ።

የቤት ሥራም ልስጣችሁ። የምትወዱትን መኪና ምረጡ፣ ክብደቱን ፈልጉ፣ በሰዓት 100 እና በሰዓት 200 ኪሎሜትር ሲሄድ ያለውን ኢነርጂ አስሉ። ፍጥነቱን መጀመሪያ ለ3.6 አካፍሉት፤ ወደ ሜትር በሰከንድ ይለወጣል። ከዚያ ሁለቱን መልሶች አወዳድሩ። ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ካልሆነላችሁ አትደንግጡ፤ የተሳሳታችሁት እናንተ አይደላችሁም።